ለቅሶ ላይ የሳቀ ባል

የእህቴ ባል ለቅሶ ላይ ሳቀ። የሳቀው በሚኖሩበት ጎረቤላ ውስጥ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ባለበት፣ የገዛ ሚስቱ ለሟቹ ግጥም እየደረደረች ሳለ ነው።

እህቴ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ቄሱ ይላካል፤ ቀጥሎ ወደ እሷ። ሟቹ ከእህቴ ቤት ከፍ ብለው የሚኖሩ አዛውንት ጎረቤት ነበሩ። «እጃቸው እንደ ምንጭ፣ ለመጣው ሲቀዳ» ብላ ድምፅዋን ወደ ላይ ስትስበው ከወንዶቹ በኩል ማስነጠስ የሚመስል ነገር ተሰማ። ተጠናቆ ሲወጣ ሳቅ ነበር። ባልየው በኩታው ጫፍ አፉን ይዞ ሳል አስመስሎ ሊያሳልፈው ሞከረ። ማንም አልተታለለም። እህቴ ግጥሙን እዚያው አቋርጣ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ይቀርብለታል፣ ቃል ግን የለም። ሊነገረው የሚገባ ነገር ካለ በላሟ በኩል ነው። እህቴ ስታልባት «ጌታሽ ንጹሕ ሸሚዝ ከፈለገ ሳጥኑ ላይ ነው» ትላታለች። እሱም ለላሟ «እግዜር ይስጥልኝ በያት» ይላል። በመጨረሻ ይህን መቋቋም አቃተውና ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ መጣ። ለሁለት ቀን ነው ብሎኝ ነበር።

እኔ የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ሞባይል እጠግናለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። አልጋዬ የአንድ ሰው ናት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እንግዳ መሬት ላይ አያስተኛም። ስለዚህ እሱ ይዞት የመጣውን ጋቢ ደርበን አንዳችን በራስጌ፣ አንዳችን በግርጌ ተኛን። የግራ ተረከዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ ከራሴ መዳፍ በተሻለ አወቅሁት። ሁለቱ ቀን አልፎ ወሩ ሲጋመስ፣

«ላሟ ናፈቀችኝ» አለኝ።

«ላሟ ናት የናፈቀችህ?»

«ሌላ የሚያናግረኝ ማን ነበረ?»

ቤቱ መመለስ ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ። ይቅርታ መጠየቅ ግን አያውቅበትም። ስለዚህ ልምምድ ጀመርን፤ እኔ እንደ እህቴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቀመጣለሁ።

«ካጠፋሁ ይቅርታ» አለ።

«ካጠፋሁ ምን ማለት ነው ጋሼ? አጥፍተሃል እኮ።»

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ አይስቅም።»

«አንተ ከእሷ ትብሳለህ» ብሎኝ እንደገና ጀመረ።

ሲለምደው በሚኒባስ ጎረቤላ ወረድን። የንስሐ አባታቸውንና አንድ ሽማግሌ ይዘን ግቢው በር ላይ ቆምን። በወጉ መሠረት በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይገባል፤ የተበደለው ሰው «ይቅር» እስኪል አያወርድም። እሱ ከመንገድ ዳር እንቁላል የምታህል ጠጠር አነሳ።

«ይቺማ የወንጭፍ ናት» አሉ ሽማግሌው።

አፈረና ከአጥሩ ጥግ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠ። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበታል። ይህን ድንጋይ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳስብ እነሱ ገቡ።

እህቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉሙ ተገፎ ስለነበር ብቅል ሰሌን ላይ አስጥታለች። እሱ ፊቷ ቀርቦ አጎነበሰ። ወዲያው ከኋላችን አውራ ዶሮው ብቅ አለ፤ ሴቶቹ ዶሮዎች ደግሞ ቅዳሴ ጨርሶ እንደሚወጣ ሕዝብ ረጋ ብለው ተከተሉት። መንገዳቸው ወደ ብቅሉ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በዪ» አሉ ቄሱ።

«ብቅሌ» አለች።

«የመጣነው ስለ ባልሽ ነው እንጂ ስለ ብቅል አይደለም።»

«አባ፣ የተሸከመው የዶሮ ቤቴን መዝጊያ ነው።»

ሁላችንም ማጅራቱን አየን። ሊያወርደው ሲል ሽማግሌው «እንዳትነካው፤ ሳትምርህ ካወረድክ ሽምግልናው ፈረሰ» አሉት። ስለዚህ ድንጋዩን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ወገቡን እንዳጎበጠ ዶሮዎቹን ያሯሩጥ ጀመር። ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን፣ እኔ ኮፍያዬን ይዘን ገባንበት። አውራ ዶሮው ሌሎቻችንን ትቶ እሱን ብቻ እየዞረ በምንቃሩ ይወጋዋል፤ እንደዚያ አጎንብሶ ሲያየው ሌላ አውራ ዶሮ ሳይመስለው አልቀረም። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሳቀች፤ አለቀ፤ አውርድ» አሉ ሽማግሌው።

«አላለቀም» አለች። «ስለሳቅሁ ይቅር ያልኩ እንዳይመስላችሁ። አንተ፣ ቁም እዚያው።»

ላሟ አልነበረችም። በቀጥታ ነው የተናገረችው። ቆመ።

«በምኑ ነው የሳቅኸው?»

ያን ሁሉ ቀን ስንለማመድ ይህን አልጠየቅሁትም። ቄሱም አልጠየቁትም። ሁላችንም ይቅርታውን እንጂ ሳቁን አላየነውም።

«በሚስማሩ» አለ። «የማርያምን ሥዕል ስንሰቅል ሟቹ ሚስማር ሰጡን አይደል? ከዚያ ጉጠት ይዘው መጥተው ነቅለው ወሰዱት። እጃቸው እንደ ምንጭ ስትዪ ጉጠቱ ፊቴ ድቅን አለ።»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። በጣም ቀስ ብላ፣ «በድምፄ አይደለም?» አለች።

«በድምፅሽ?» ቀና ሊል ሲሞክር ድንጋዩ መለሰው። «በድምፅሽማ እያለቀስኩ ነበር። ሚስማሩ ነው መሃል የገባው።»

እኛ በሰው ፊት ስለተዋረደች የተቆጣች መስሎን ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ወደ ላይ ስትስብ የተሰበረባት መስሏት ነው የከረመችው። ከዚያ ወዲህ ሊጠሯት ለመጡ ለቀስተኞች ጉንፋን ይዞኛል እያለች ቀርታለች። ይህን ለላሟም አልነገረቻትም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «ድንጋዩን ግን ዝም ብለህ እንዳትጥለው፤ ዶሮዎቹን አስገባና ዝጋበት።»

ቄሱ ምርቃቱን ዶሮ ከማገድ ጋር አያይዘው ጨረሱት። እኔ ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ ብዬ ስነሳ እህቴ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ጋቢው አንተ ጋ ነው?»

«አልጋዬ ላይ ነው እታለም።»

«ቅዳሜ ይዘህ ና» አለችኝ። «ሲነጋጋ ይበርደዋል።»