የአዝማሪ ካሣ ልጅ ቫዮሊን

ስለ አስናቀ ሲወራ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ "አይ ጣት! አይ ተሰጥዖ!" ይላል። ኤድያ! እኔ መሪማ አሕመድ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደግሁት፤ ጣቱን ሳይሆን ሆዱን ነው የማውቀው። ቫዮሊን ይጫወታል፣ አልካድሁም። ሰው መሆን ግን ማንም አላስተማረውም፤ ቢያስተምሩትም አይገባውም ነበር።

አባቱ አዝማሪ ካሣ ነው። የጅቡቲው ባቡር አዋሽ ላይ ለምሳ ሲቆም መንገደኛው ቡፌ ከምንለው ከጣቢያው ሆቴል ደጃፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ካሣም ማሲንቆውን ይዞ ከች ይላል። ነጋዴውን በስሙ፣ ወታደሩን በማዕረጉ፣ ሴቲቱን በጥርሷ ያወድሳል። ደስ ያለው ሰው ብሩን በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ሽልማት ማለት ይኸው ነው፤ አዝማሪ ተጫውቶ ግንባሩ ባዶውን ከቀረ እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። እኔና የአስናቀ ታላቅ እህት ባይሽ ከውኃ ማማው ሥር ቆመን እናያለን። ሰፈሩ ሲጫወትለት ይደሰትና ዞር ሲል "አዝማሪ!" እያለ ይንቀዋል። የእኛም ቤት ያው ነበር፤ አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ሆኖ ሳለ ካሣን ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያየው። ምን ያለው ሰው ነውና ነው፣ እቴ!

ቡፌውን የምትይዘው አንዲት አርመን ነበረች፤ ማዳም እንላታለን። የሟች ባሏ ቫዮሊን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። አስናቀ ገና ሕፃን ሆኖ የአባቱን ማሲንቆ ሲገዘግዝ ሰማችውና ጠርታ ያንን ቫዮሊን አገጩ ሥር ሸጎጠችለት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስለቅቀው! ማዳም ታዲያ በነፃ የምታስተምር ሴት አይደለችም። ባይሽ የቡፌውን አንሶላ ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ እሱ ይማራል። ውሉ ይኸ ነበር።

እናታቸው ቀድማ ሞታለች። አባታቸውንም ወባ ሲወስደው ባይሽ ገና ጡቷ አልወጣም፤ እናትም አባትም እሷው ሆነች። ያ ሙልጭልጭ ደሞ ጌታ ሆነላችሁ! ባልዲ አያነሣም፣ እንጨት አይፈልጥም፤ "እጁ ይሻክራል" ትላለች። ወላሂ፣ ወጡን እንኳ የምታጎርሰው እሷ ነበረች፣ በርበሬው ጣቱን እንዳያቃጥለው! እሱም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ አያፍርም።

"አንቺ ባይሽ፣ ሰው ነሽ ወይስ አህያ?" እላታለሁ።

"ተይ እንጂ መሪማ፣ ይኸ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ በሰው ፊት 'እህቴ ናት' ይለኛል፤ እኔም ሰው እሆናለሁ" ትለኛለች።

ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም አልፈለገችም። ወርቅ አላለች፣ ባል አላለች። "እህቴ ናት" እንዲላት ብቻ።

ማዳም አዲስ አበባ ወስዳ ትምህርት ቤት አስገባችው፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ኦስትሪያ ላከው። እኔና ባይሽም የፈረንጆች የጥጥ እርሻ ኩባንያ ሠራተኛ በሎንቺና መኪና ሲያግዝ ተሳፍረን ዱብቲ፣ አፋር በረሃ ወረድን። ያ ሙቀት! ያ ትንኝ! ጥጡን ስትለቅሙ ቅርፊቱ ጣታችሁን ይተለትለዋል። ባይሽ ከዚያች ከምታገኛት ላይ ቆንጥራ ለቫዮሊኑ ክር መግዣ፣ ለካፖርት እያለች በማዳም በኩል ትልክለታለች። እሱ አንድ ቀን "ደኅና ነሽ ወይ?" ብሎ አላከባትም። "ሥራ በዝቶበት ነው" ትለኛለች። ሥራ! ክር ሲፈትጉ መዋል ሥራ ሆኖ!

በስድሳ ዓመተ ምሕረት ኩባንያው "ምርቱ ሞላልኝ" ብሎ ግብዣ ደገሰ። ጸሐፊው እሸቴ ሠፈራችን ድረስ መጥቶ፣ "ልጅ አስናቀ የሚባሉ ከባሕር ማዶ የተመለሱ የቫዮሊን ሊቅ ይጫወታሉ፤ ሠራተኛውም ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ እንዲሰማ ተፈቅዷል" አለን። ሰማችሁ? የመሳፍንት ዘር ይመስል "ልጅ አስናቀ" ተብሏል! ለፈረንጆቹም አባቱ የሸዋ ባለርስት እንደነበሩ ነግሯቸዋል አሉ። አዝማሪ ካሣ በመቃብሩ ባለርስት ሆነ።

ባይሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ወደ እንግዳ ማረፊያው ሮጣ ነበር፤ ዘበኛው "ወዲያ ሂጂ!" ብሎ መለሳት። "ይሁን፣ ሲጫወት ያየኛል" አለች። ቀሚሷን አጠበች፣ ፀጉሯን ተቀባች፣ የእኔን ሻሽ ተዋሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኩባንያው ክለብ ፊት ለፊት ወንበር ተደረደረ። ፈረንጆቹ ከፊት፣ የቢሮ ሰዎች ከኋላቸው፣ እኛ ከአጥሩ ወዲህ። ወጣላችሁ፤ ጥቁር ኮት በዚያ ቃጠሎ! ላቡ እንደ ውኃ ይወርዳል። ሙቀቱ ክሩን እያላላበት ደጋግሞ ይቃኛል። የቢሮ ሰዎች መቃኘቱን ዘፈን መስሏቸው አጨበጨቡ። አይ ሥልጣኔ! ከዚያ መጫወት ጀመረ። ልዋሽ አልችልም፣ ቀኝ እጁ ሲሄድና ሲመለስ ቁርጥ ካሣን ነበር። ባይሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ ቀርቷል።

አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ። ሁለተኛውንም አጋመሰ። ከዚያ ሁሉ ባለወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ አልሸለመም! እኔስ ምን ቸገረኝ፤ ባይሽ ግን ትቁነጠነጥ ጀመረች።

"መሪማ፣ ኧረ ወንድሜን ምነው ናቁት? ግንባሩ ባዶ ሊቀር ነው እኮ!"

"ተዪው፣ የፈረንጅ ወግ ይሆናል" አልኋት።

"ምን ዓይነት ወግ ነው? እህት እያለው?"

ሳልይዛት በዘበኛው ብብት ሥር ሾልካ ገባች። ከመቀነቷ አንድ ብር ፈታች፣ በምላሷ አራሰች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ግንባሩ መሐል ላይ ልጥፍ! ከዚያም እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ከአጥሩ ወዲህ ያለነውም ተቀበልናት፤ እንግዲህ እንደ ደንቡ ነው።

ቫዮሊኑ ቀጥ አለ። ብሩ በላቡ ላይ ተለጥፏል። ፈረንጆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀልቶ ተነሣና በእሸቴ አፍ፣ "ይህቺ ሴት ማን ናት? ያውቋታል?" ብሎ ጠየቀው።

አስናቀ ዓይኑን ገለጠ። አያት። ወላሂ፣ አውቋታል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

"አስናቀ፣ ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ባይሽ" አለችው።

"አላውቃትም" አለ። ብሩን ላጠና ጣለው፤ ግንባሩን በነጭ መሐረብ ጠረገ፣ የሚያቆሽሽ ነገር እንደነካው። "ሴትዮ ተሳስተሻል። እኔ እህት የለኝም።"

ደሜ ፈላ። "አንተ የአዝማሪ ካሣ ልጅ! አንተ ጎርሰህ ያልጠገብህ!" ብዬ ከአጥሩ ወዲህ ጮኽሁበት። የምትቆጣኝ ማን ናት ትላላችሁ? እሷ ራሷ! ዘበኛው ክንዷን ይዞ እየጎተታት፣ "ዝም በዪ መሪማ፣ በሰው ፊት አታዋርጂው" አለችኝ። እሱ ቫዮሊኑን መልሶ አገጩ ሥር ሸጎጠና ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት፤ እነዚያ ጥርሳሞች።

ወደ ሠፈር ተመልሰን ተኛን። ጧት ጎኔን ስዳስስ የለችም። ብወጣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከበራችን ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ወንድሜ ሞቷል።"

"ኧረ ስለ አላህ! ሟርት ነው ባይሽ፣ በቁም ሰው አይለቀስም!"

"በቁም አይደለም። አስናቀ ካሣ ሞቷል። ትናንት ያየሽው ሰውዬ ሌላ ነው፤ እህት የለውም፣ ራሱ ተናግሯል።"

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሠፈሩም እየሰማ መጣ። ሸራ ተወጠረ፣ ሰሌን ተነጠፈ፣ ጎረቤቶቻችን እነ ማሚት ንፍሮ ጣዱ። የካምፓችን ሰው ትናንት ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ሁሉን አይቷል፤ "እንዴት ሞተ?" ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ባይሽ የአዝማሪ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ድምፅ አላት፤

እጁ እንዳይሻክር ስል ውኃውን ስቀዳ፣
ወንድሜ ሞተብኝ ከዚያ ከጥጡ ሜዳ።

ስትል ወንዱ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስሁ፤ ለእሱ ግን አይደለም።

ረፋዱ ላይ የኩባንያው ላንድሮቨር መጣ። ከዱብቲ ወደ ሰርዶ የሚያወጣው መንገድ በሠፈራችን መሐል ነው የሚያልፈው። ሾፌሩ አለሙ ለቅሶ ሲያይ መኪናውን አቆመና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቅሶ ረግጦ የሚያልፍ ማን አለ? በዚያው ጧት ከአሳይታ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለሥልጣን ከፊት ወረዱ። ከኋላ የተቀመጠው አልወረደም።

"ልጅ አስናቀ፣ ይውረዱ እንጂ! ባሕር ማዶ ሲቆዩ የአገርዎ ደንብ ጠፋብዎ?" አሉት ሽማግሌው።

ወረደ። ምን አማራጭ አለው! ኮቱን ቆልፎ ከሸራው ሥር ገባ። ባይሽ አንገቷን ደፍታ ነበርና መጀመሪያ አላያትም።

"ማን ነው ሟቹ?" ብለው ሽማግሌው ጠየቁ።

አፌ ቀደመኝ። "የዚህች ልጅ ወንድም ነው ጌታዬ። ብቸኛ ወንድሟ። አስናቀ ካሣ ይባላል።"

"እህህ፣ ምስኪን! ሞክሼዎ ነው እኮ!" ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

ያን ጊዜ ባይሽ ቀና አለች። ተያዩ። ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አፉን ነው የሚያየው። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው፤ ያቺኑ ቃል እየጠበቀች እንደነበር እኔ አውቃለሁ፣ ጥቁሯን ለብሳም እየጠበቀች ነበር። እሱ ሽማግሌውን አየ፣ መኪናውን አየ።

"ነፍስ ይማር" አለ አስናቀ።

"አሜን" አለችው ባይሽ። "ደግሞም ሳያውቁኝ በእግርዎ ስለመጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ።"

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። መኪናው ሄደ። ባይሽ ሠልስቱን ተቀመጠች፣ ተነሥታም ጥጧን ለቀመች፤ አርባው ሲደርስ ቄስ ጠርታ ፍታት አስደረገችለት።