ያለ ገንዘብ ስምንት ፎቅ

የሊፍት መካኒኩን የሕንጻው ሰው እሱ በሌለበት “ብሎን” ይለዋል። አጭር፣ ድፍን ያለና አንዴ ከጠበቀ የማይላላ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ግን “ጋሼ” ነው፤ ግንባሩ ቶሎ ስለሚቋጠር ማን ደፍሮ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። በሁለት ፎቅ መሐል ተቀርቅራ የምትጮህ ሙሽራ አውጥቷል፤ አንዴም ቤት የሚቀይር ሰው ከነቁም ሳጥኑ ጎትቶ አውጥቷል። በዚህ ሁሉ ዘመኑ እንደ ዘንድሮ ቆሽቱ አርሮ አያውቅም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢያርም አይፈረድበትም።

የሚኖረው ከዚያው ሕንጻ ሥር፣ ከደረጃው አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ታላቅ እህቱ ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ከመምህሩ ልጇ ጋር ትኖራለች። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሆስፒታል ሄዳ ትታጠባለች። አንድ ቀን ከቀረች ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል፤ ሁለት ቀን ብትቀር ምን እንደሚሆን ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። ከጉልበቷም ደክማለች፣ ደረጃ የሚባል ነገር አትችልም።

ሊፍቱ ከሁለት ወር በፊት ቆመ። ልብ በሉልኝ፣ አልተበላሸም፤ ቆመ! ሞተሩ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ መብራት አለ። የሊፍቱን ክፍያ ነዋሪው ግማሹ ከፍሎ ግማሹ ሲያንገራግር የጥገና ውሉን የያዘው ድርጅት ከቢሮው እንኳ ሳይነሳ በኢንተርኔት ኮድ ልኮ ዘጋው። በበሩ ላይ “አገልግሎት ተቋርጧል” የሚል ጽሑፍ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

“ድሮ ሊፍት የሚቆመው ሲታመም ነበር” ይላል ብሎን። “አሁን ጤነኛውን አሰሩት!”

መክፈቱን ያውቅበታል፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የድርጅቱን መቆለፊያ የነካ መካኒክ የሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ፈቃድ የሌለውን ደግሞ የትኛውም ሕንጻ አያስጠጋውም። በዚህ ዕድሜው ሌላ ምን ሊሠራ ነው?

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ የእህቱ ልጅ ጀመረው።

“አጎቴ፣ እስኪ ንገረኝ። ሞተር አለ?”

“አለ።”

“መብራት አለ?”

“አለ።”

“መካኒክስ?”

“ይኸው ተጎልቻለሁ።”

“ተሳፋሪስ?” አለና እናቱን በአገጩ ጠቆመ። “ታዲያ ምን ጎደለ? ወረቀት! ሁሉ ነገር ሞልቶ ተርፎ፣ ገንዘብ የሚባል ዘበኛ በር ላይ ስለተገተረ ብቻ ሰው ይሞታል። ዘበኛውን እናሰናብተው! ማሽን ያምርት፣ ማሽን ይመድብ፤ ሰው እንደ አቅሙ ሰጥቶ እንደ ችግሩ ይውሰድ።”

“የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ የሞተውን አይጥ ማን ያወጣል?”

“ሮቦት።”

“ሮቦቱ ሲበላሽስ?”

“የሚጠግነው ሌላ ሮቦት።”

“እሱስ ሲበላሽ?”

“አጎቴ ደግሞ!”

“ላም አለኝ በሰማይ! ልጄ፣ ይህን ሊፍት ገንዘብ አልቆለፈውም። እጅ ያለው ሰው ነው የቆለፈው። ገንዘቡ ሲጠፋ እጁም አብሮ ይጠፋል?”

“ኧረ ተዉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ” አለች እህቱ። “ስትጨርሱ ግን ማክሰኞ ማን እንደሚያወርደኝ ንገሩኝ።”

ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ አይታማም። ጎረቤት እየለመነ እናቱን እያስወረደ፣ ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ በስልክ የሚሠራ አፕ ሠራ። ክፍያ የለ፣ ነጥብ የለ፤ ነዋሪው የሚችለውን ሥራ ይመዘግባል፣ ማሽኑ የተቸገረውን አይቶ ይመድባል። መግቢያው ላይ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብሎ ጻፈበት። ለእናቱ አራት ጎረምሶች ተመደቡ፤ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሾፌሩና ሁለት ተማሪዎች። ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ያስቀምጧትና በአራት እግሩ ይዘው እየሣቁ ያወርዷታል፤ ስትመለስም ያወጧታል። ብሎንም ቢሆን “ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ሠርቷል” አለ፤ ከአፉ እንዲህ ያለ ቃል ማውጣት ጥርስ እንደመንቀል ነው።

እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ወሬው ከሕንጻ ሕንጻ ዞረ፣ መምህሩ ታዋቂ ሆነ። በየቅዳሜው ጠዋት በሦስተኛው ፎቅ የነዋሪዎች አዳራሽ ክርክር ተጀመረ፤ ገንዘብ የሌለበት፣ በቴክኖሎጂ የሚመራ ኅብረተሰብ የዛሬውን ሥርዓት ይተካል ወይስ አይተካም? ሰው እንዲሞላም መምህሩ አፑ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ክርክሩ ላይ መቀመጥም እንደ አገልግሎት ይቆጠር፣ ማሰብም ሥራ ነው፣ አለ። እስኪ እናንተ ፍረዱ! ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማሰብና ወንበር ተሸክሞ ከመውረድ የቱን ይመርጣል?

በሦስተኛው ክርክር ቀን ብሎን አራት ሰዓት ሲል ስምንተኛ ፎቅ ወጣ። እህቱ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

“አልመጡም?”

“ልጄ ሲወጣ ማሽኑ መድቧቸዋል ብሎኛል።”

“መቼ ነው የወጣው?”

“በሁለት ሰዓት። አዳራሹን ሊያስተካክል።”

የሆስፒታሉ ተራዋ አምስት ሰዓት ነው፤ ከዘገየች አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ስልኳን ተቀብሎ አየ። “ተሸካሚዎችዎ በሌላ አገልግሎት ላይ ናቸው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን” ይላል። ስለ ትዕግሥትዎ! የብሎን ደም ፈላ። አምስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረደ ራሱም አያውቅም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አራቱ ተሸካሚዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማስታወሻ ይጽፋሉ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ “በጎ ፈቃድ” የሚል ቃል ጽፎ ከሥሩ እያሰመረ ነው።

“አቤት!” አለ ብሎን።

ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ በብዕሩ ጠረጴዛውን አንኳኳ። “ጋሼ፣ በሥነ ሥርዓት። እጅዎን ያውጡ፣ ከእርስዎ በፊት ሁለት ተናጋሪ አለ።”

“እህቴ ልትሞት ነው የምልህ!”

“ሦስት ደቂቃ ይኖርዎታል፣ ተራዎ ሲደርስ።”

“ተራህን ብላው!” ሲል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። “በነጻ የሚያገለግል ዓለም ትላላችሁ፣ አምስት ፎቅ ከበላያችሁ ያለች አንዲት በሽተኛ የሚያነሣ ጠፋ! አፍ ዳገት አይፈራም አሉ፤ እናንተ ግን ደረጃውንም ለአፋችሁ ትታችሁት ተቀመጣችሁ! አንተ ደግሞ” አለና ወደ መምህሩ ዞረ፣ “ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ የተቀመጠችው የማን እናት ናት? በጎ ፈቃድ! ያንተስ በጎ ፈቃድ የት ሄደ? ስንት ቀንህ ነው ወንበሩን ከነካህ?”

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ አየ፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወዲያው ማን ተነሣ መሰላችሁ? አንዱ ተከራካሪ ተነሥቶ “ይህ የአሠራር ክፍተት ነው፣ የክርክሩን ነጥብ አይነካም” አለ። ሌላው “እንዲያውም ያጠናክረዋል” አለ። ጸጉር አስተካካዩ ሌሎቹን የመሰብሰቡ ተራ የሾፌሩ እንደነበር ማስረዳት ያዘ። ወይ ነዶ! ብሎን ቀሪውን አልሰማም።

ደረጃውን እስከ ጣሪያው ወጣ። የሞተሩን ክፍል ከፈተ፣ የድርጅቱን ሣጥን ሽፋን ፈታና ሁለት ሽቦ አገናኘ። ሃያ ስድስት ዓመቱ በዚያች ደቂቃ እንዳለቀ ያውቃል። ወርዶ እህቱን ደግፎ ሊፍቱ ውስጥ አስገባት፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ታክሲ ውስጥ ነበሩ። ታጠበች። ተከራካሪዎቹ ሊፍቱ ሲያጓራ ሰምተው አጨበጨቡ አሉ፤ ሲበተኑም በሱው ወረዱ፣ አያፍሩም!

ሰኞ የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ሊፍቱን ዳግም ዘጉትና “ማነው የነካው?” አሉ። ሰብሳቢው እውነት ለመናገር ብሎ “ጋሼ ናቸው” አለ፤ ያለ ገንዘብ፣ በነጻ። የብሎን ፈቃድ በዚያው ዕለት ተወሰደ።

ማክሰኞ አራቱም ተሸካሚዎች አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ኀፍረት ግን ሳምንት አይቆይም። ቅዳሜ የመጡት ጸጉር አስተካካዩና መምህሩ ብቻ ናቸው። መምህሩ ሰሌዳውን ትቶ እጅጌውን ሰብስቧል። “አጎቴ፣ ማሽኑ ስለመደበላት ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር” አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ብሎን የወንበሩን አንድ እግር አሲያዘው።

ወንበር አራት እግር አለው፣ እነሱ ሦስት ናቸው። በየፎቁ እያረፉ፣ ወንበሩ ባዶ ወደሆነው ጎን እያዘመመ፣ ሦስተኛው ፎቅ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። የመምህሩ መዳፍ ተልጧል። የአዳራሹ በር ክፍት ነው፣ ሰው ሞልቷል፤ ሁለቱ ተማሪዎችና ሾፌሩም እዚያው ናቸው። ሰብሳቢው ወረቀት ይዞ ብቅ አለ።

“መምህር፣ እንኳን ደረስክ! ድምፅ እየሰጠን ነው፣ ያንተ ብቻ ቀረ። ያለ ገንዘብ ይቻላል ወይስ አይቻልም?”

መምህሩ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ! ለሰብሳቢው የመለሰችው እናቱ ናት፣ ወንበሩ ላይ ዘመም ብላ።

“እኔ እንደሆንኩ ወንድሜ፣ ገንዘብ ኖረም ቀረም ያው ስልሳ ኪሎ ነኝ። ሦስት ፎቅ ይቀረናል፣ አንድ ሰው ጎድሎናል። ትይዝልኛለህ?”

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።