አንድ ዙርባ ጫት ለአሥራ አንድ ሰው

የያዙኝ ጣቴ ላይ ጠመኔ እንዳለ ነው። ሁለት ሰዎች የክፍሉ በር ላይ ቆመው ደወል እስኪደወል በትዕግሥት ጠበቁኝና «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የምመለስ መስሎኝ ኮቴን ወንበሬ ላይ ትቼው ወጣሁ። ያንን ኮት ዳግመኛ አላየሁትም።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ነገሌን የሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ ምን ያህል እንደሚግል ያውቃል። ግድግዳው ሥር የድሮ በቆሎ ዱቄትና ነቀዝ አልጠፋም፤ ነቀዙ ሌሊት ሌሊት ጆሯችን ውስጥ ይገባል። አሥር ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አሥራ አንደኛ ሆንኩ።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጺማቸውን ሒና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ገበያው ዳር ጨርቅና ስኳር ሲሸጡ በዓይን አውቃቸው ነበር። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። የታሰሩት ጫካ ላሉ ሸማቂዎች ስኳር ሸጠዋል ተብለው ነው።

«አካም ኦልቴ፣ ባርሲሳ?» አሉኝ። እንዴት ዋልክ መምህር ማለታቸው ነው።

«ናጋ ነው፣ ሐጂ» ብዬ ሰላም መሆኔን ነገርኳቸው።

«ናጋ ከሆነማ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉና ምንጣፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ተማሪዎች ቤቴ እየመጡ መጽሐፍ እናነብ ነበር። አንድ ቀን አንዷ «ቲቸር፣ ደራሲ የሚጽፈው ሲመረቅን ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያኔ ጫት ሳልቅም የፈተና ወረቀት እንኳ ማረም የማልችል ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄዋ ጣመኝ። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት የነበሩትን የፈረንጅ ደራስያን አንሥቼ አወራሁ። በአልኮል የተበጠበጠ የኦፒየም ጠብታ፣ ዛሬ የራስ ምታት ክኒን እንደምንገዛው፣ ከመድኃኒት ቤት ይገዙ እንደነበር፤ አንዱ ለጥርሱ፣ ሌላው ለሳሉ ብሎ ጀምሮት ሱሰኛ ሆኖ እንደቀረ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ ቤት ተሰብስበው ሐሺሽ እንደ ማር በማንኪያ እየበሉ ያዩትን ይጽፉ እንደነበር ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። መጨረሻቸውን ግን ዘለልኩት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ጠርሙሱን ከሚስታቸው ሲደብቁ፣ እጨርሰዋለሁ ያሉት መጽሐፍ ሳያልቅ ሲሞቱ አልነገርኳቸውም። ለምን እንደዘለልኩት አውቃለሁ፤ ለእኔም ቅርብ ስለነበረ ነው።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚቃወም አንድ ወረቀት ተለጥፎ አደረ። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ የለጠፉት የቅዳሜዎቹ ልጆች ናቸው ብሎ አመነ። ስድስት መሆናቸውን ሰምቷል፤ እነማን እንደሆኑ ግን አያውቅም። ደብተሬ እጁ ገብቷል። ልጆቹን ካገኘ ደግሞ የሚያመጣቸው እዚሁ ነቀዝ ቤት እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ማንም አልመታኝም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው፤ ሌሎቹን ግን መትተዋል። እኔን የመታኝ የጫት መኪናው ጥሩምባ ነው። ከሰዓት በኋላ ከወደራ በኩል ይመጣና ገና ከተማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ያኔ አካሌ ሁሉ ይነሣል፤ አዛጋለሁ፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጫማዬን ረገጥክ ብዬ አንድ የደከመ ሽማግሌ ገበሬ አንቄ ለመጣል ተነሣሁ። ሐራራ ይሉታል። የሐራራን ነገር የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ፣ የሚያውቅ ግን ይፍረድብኝ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጠረጴዛው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ዙርባ ጫት ተቀምጧል፤ ውሃው ገና አልደረቀም። ደብተሬን ገለጠና ያንን ገጽ ድምፁን እያሰማ አነበበልኝ።

«ሲወስዱ ይጽፉ ነበር ብለሃል» አለ። «በል እንግዲህ፣ አንተም ቃምና ጻፍ። ስድስት ስም ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይቀበሉሃል።»

ወረቀትና እስክሪብቶም ሰጠኝ። ጫቱንም ተቀበልኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለራሴ ያልኩት «ልቃምና በደንብ ላስብበት» ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ለማንም ምንም ቃል እንደሚገባ፣ ያወቀውን ሁሉ ሳይዘረግፍ እንደማይነሣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ከላይ እስከ ታች ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥር ምን ያደርጋል አልኩ። ከዚያ ኮባውን ፈታሁ።

ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ሰው ስለሆኑ ቁጥር ግን ያውቃሉ።

«ይሄ ስድስት ምንድነው? ዕቃ ነው ወይስ ሰው?»

ወረቀቱን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ሰው ነው» አሉ ራሳቸው።

«ተዉኝ ሐጂ! አንቱ አያውቁትም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። አባቴን በሚያክሉ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

አልተቆጡም። እየተደገፉ ቁልቁል አጠገቤ ተቀመጡ። «ዳጌቲ፣ ስማኝ ባርሲሳ። ወረቀቱ የራስህ ነው፣ እኔን አያገባኝም። ጫቱ ግን ቤት ገብቷል። ሽማግሌ ባለበት ቤት ሳይመረቅ ይቃማል? ብቻህን ዞረህ ትበላለህ? እንደዚህ ነው እንዴ ያደግከው?»

በእኛ ከተማ ይህ ሕግ ነው። ጫት ሲቀርብ ዱዓ የሚያደርገው በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ የመጀመሪያዋን ቅጠል ቀምሶ ለሰው ሁሉ የሚያከፋፍለውም እሱ ነው። ሙስሊም ክርስቲያን የለውም፣ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ሕዝብ፣ ስለ ኅሊና ቢመክሩኝ ኖሮ የምሰማቸው አይመስለኝም። ያቺ ነገር ግን አሳፈረችኝ። ዙርባውን ከእነ ኮባው አነሣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ስሰጣቸው እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አይደለም፣ የስስት ነበር።

ሰው ሁሉ ዙሪያውን ተቀመጠ፤ መዳፋችንን ዘረጋን። ሐጂ በኦሮምኛ «ናጋ ኑፍ ኬኒ» እያሉ ሰላም ስጠን፣ ከልጆቻችን አገናኘን ብለው ለመኑ። ያ ላንቀው የነበረው ገበሬ ከሁላችን በላይ አሜን አለ። ከዚያ ሐጂ የመጀመሪያዋን ቅጠል ቆረጡና ትንሽ ያዟት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ፤ እንደ መራራ መድኃኒት ቀስ ብለው አኘኩ። ጥርሳቸውን ያመማቸው መሰለኝ። ቀጥለው ለአሥራ አንድ አካፈሉት። ለእያንዳንዳችን አራት አምስት ቀንበጥ ደረሰን፤ ለፍየል ቁርስ አይበቃም።

«ምነው፣ ዓይኔ እንኳ አልተገለጠም» አለ አንዱ፤ ሳቅን። በዚያ ቤት ሁላችንም አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ምርቃና የሚባል ነገር በደጃችንም አላለፈ። ሐራራው እንዳለ ነው፤ ግን አእምሮዬ የራሴ ነበር። ወረቀቱን አነሣሁ። በአምስቱ ቁጥሮች ትይዩ ለልጆቹ ያልነገርኳቸውን የእነዚያን ደራስያን ስምና መጨረሻ ጻፍኩ፤ እጃቸውን፣ ጠርሙሱን፣ ያላለቀውን መጽሐፍ። ስድስተኛው ላይ «ቤቴ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለ የመምህሩ ነው» ብዬ ፈረምኩበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘበኛው ሲመጣ ወረቀቱንና ከቃምነው የተረፈውን፣ በኮባው መልሼ ያሰርኩትን ገረባ አንድ ላይ አስረከብኩት።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ጠራኝ። «እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚገኙት?» አለኝ።

«ሞተዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።»

አልሳቀም። ሰባት ወር ቆየሁ። ልጆቹን አላገኟቸውም።

ከዚያች ቀን በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሐጂ የምሳ ዳቧቸውን ወደ እኔ እየገፉ «ሆዴን አሞኛል፣ አንተ ብላ» አሉኝ። ርቦኝ ስለነበር በላሁ። አልጠየቅኳቸውም።

ብዙ ዓመት አልፏል። ባለፈው ወር ሐጂ ሞያሌ ልጃቸው ዘንድ እንዳረፉ ሰማሁና ለቅሶ ሄድኩ። ልጃቸው እንደ አባቱ ሱቅ አለው። እኔም ሰው ፊት ላመሰግናቸው ፈልጌ የዚያችን ቀን ነገር አወራሁ፤ ሐጂ ቀምሰው እንዳከፋፈሉን ስነግረው ልጁ ቀና አለ።

«አባኮ፣ አባቴ? ጫት? ተሳስተሃል ጋሼ። አባቴ ሐጅ ሄዶ ሲመለስ ሁለተኛ ጫት አፌ አይገባም ብሎ ምሎ ነበር። እስኪሞት አልነካም።»

«በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩት። «የመጀመሪያዋን ቅጠል።»

ወደ እኔ ተጠጋ። «ከዚያስ ጾመ?» አለኝ። «መሐላ ያፈረሰና አሥር ድሃ ማብላት ያልቻለ ሰው ሦስት ቀን ይጾማል።»

ሦስቱን ቀን ጾመው የተዉትን ዳቦ የበላሁት እኔ ነኝ። ይህን ለልጁ ስነግረው እጄን ይዞኝ ተቀመጠ።

ጫት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ያቆምኩት በአንድ ቀን አይደለም፤ ወድቄ ተነሥቼ ነው። ከስድስቱ አንዷ፣ ያቺ ጥያቄውን የጠየቀችኝ፣ ዛሬ እሷም መምህር ናት። በየበዓሉ እየደወለች «ቲቸር፣ ስማችንን ሳትሰጥ ያተረፍከን አንተ ነህ» ትለኛለች፤ እኔም ዝም ብዬ ምርቃቷን ስቀበል ኖሬያለሁ። ከለቅሶው ስወጣ የሱቁ በረንዳ ላይ ቆሜ ደወልኩላት። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥሩን ጽፌ እንደነበር፣ ስሟን ለመጻፍ የቀረኝ አንድ ዙርባ ጫት መቃም ብቻ እንደነበር፣ ማን እንዳካፈለው፣ ምን እንዳስከፈላቸው ነገርኳት።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ለቅሶ እስከ መቼ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ። «አምስቱን ልጥራቸው።»

የሱቁን አቅጣጫ ነገርኳት፤ ከዚያ ልጃቸው ዘንድ ተመልሼ ነገ ስድስት ሰው እንደሚመጣ ነገርኩት።