ከሰማይ የወደቀው ተከሳሽ

ነገሩ ድብልብል ብረት እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ በርሜል ነበር የሚለኝ ቢመጣ ግን አልሟገተውም። ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ወጣት ዳኛ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከስማዳ አህያ እየነዱ መጡ፤ ብረቱ አህያዋ ላይ ተጭኗል፣ የጋቢያቸው ጫፍ ደግሞ ከብረቱ ጋር ተቋጥሯል። በአገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይቀርባሉ፤ ዋስ ካልተገኘ ቋጠሮው አይፈታም።

«ከሰማይ ወርዶ አውድማ ላይ የከመርሁትን ገብስ አቃጠለብኝ» አሉ። «የዓመት ቀለቤን! ‹በሕግ አምላክ!› ብለው ቀጥ ብሎ ቆመ።»

«ወድቆ ነው የቆመው፣ አባቴ።»

«ይሁን፣ ጌታዬ፤ ቆሟል። ካንዳንዱ የከተማችን የወገዳ ሰው ይሻላል።»

ችሎት አስከባሪው ወደ ብረቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ተከሳሽ፣ ስምህን አስመዝግብ!» አለ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው አልሳቁም።

እኔም፣ መንግሥታት ስለ ጠፈር በቅርቡ መስማማታቸውን፣ የወደቀ ዕቃ ላመጠቀው መንግሥት እንደሚመለስ፣ ለጥፋቱም ያ መንግሥት እንደሚክስ አስረዳሁ፤ ምናልባት ይህን ያህል አሳምሬ አልተናገርሁት ይሆናል።

«ደግ ሕግ ነው። ያ መንግሥት የት ነው ያለው?»

«አልታወቀም።»

«እንግዲያው እስኪታወቅ አብሬው ነኝ።»

አብረው ሰነበቱ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ብረቱም ተሳለመ። ካህናቱ ያልተጠመቀ ነገር ቅጽረ ግቢ መግባቱን ተከራከሩበት፤ ከምን እንደ ደረሱ ዘንግቻለሁ።

ቆይቶ ከበላይ የተላኩ ሹማምንት ብረቱን ሊወስዱ በጂፕ መጡ። ሽማግሌው ቋጠሮውን በእጃቸው ሸፍነው፣ «ዋስ ይጥራ!» አሉ። ለብረት ዋስ የሚሆን ጠፋ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሕጉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። እርስዎ ይሁኑት።»

ዳኛ ለተከሳሽ ዋስ መሆኑ ከሥርዓት ውጭ እንደ ሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን የእርሻው ወራት እየቀረበ፣ ሰውየው ከብረት ጋር ታስረው ነበር። ዋስ ሆንሁ። ቋጠሮው ተፈታ፤ ብረቱም በጂፕ ሄደ፣ ወሬውም አልተሰማም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌው ተመልሰው ችሎት ፊት ቆሙ። «ተከሳሹ ቀርቷል። ዋሱ ይክፈል።»

ክርክሩ ትክክል ነበር። ከገበያ ገብስ ገዝቼ በአህያቸው አስጫንሁላቸው። እስከማውቀው ድረስ፣ ያ የመንግሥታት ስምምነት በእኛ አገር የተፈጸመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ከጆንያው ዘግነው አዩ፤ አሸተቱም።

«የኔው ይሻል ነበር» አሉና አህያዋን ነዱ።