ኮፈኑ ስር የታየው እጅ

ከሚሴ ከተማ ጋራዥ ውስጥ የመኪናዬ ኮፈን ሲከፈት፣ ትናንት ሲቀጣጠል ሞተሩ ላይ የተረጨው የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ጉሮሮዬን ያዘኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባዬም የጭነት መኪናው ሞተር ሰንበቴ መንገድ ላይ ተቀጣጥሎበት በዱቄት አጠፋው። በማግስቱ አብረን ልናጸዳው ኮፈኑን ከፈትን።

«ውሃ እንዳታስነኪው ልጄ፣ ይጋግራል። በደረቁ ጥረጊው» ብሎ ብሩሽ ሰጠኝ።

ስጠርግ ዱቄቱ ላይ የእጅ አሻራ አየሁ፤ ሌባ ጣት የለውም። የወንድሜን የሰይድን ሌባ ጣት የቆረጠው የዚሁ ሞተር ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ነበር። ሰይድ ግን ለጦርነት ከታፈሰ ወራት አልፎታል።

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቢስሚላሂ!» አለና ብሩሹን ቀማኝ። «ይሄን ተይው። ሲመጣ ራሱ ይጠርገዋል።»

መኪናው እስኪሸጥ አሻራውን ማንም አልነካውም።

«ዱቄቱን ልጥረገው እንዴ?» አለኝ አሁን የጋራዡ መካኒክ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኩት።