ከዱባይ የራቀብኝ ቦሌ

ሳቁ እሺ፣ ሳቁ! ከሰበታ ቦሌ ከመድረስ ከቦሌ ዱባይ መድረስ ይፈጥናል ብያለሁ፣ አልመልሳትም። ትናንት ዓለም ገና ላይ ተራ ስንጠብቅ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ከቦ ሳቀብኝ። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ «ዱባይ ሁለት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት። ስምንተኛን ሳትጨርስ ወጥተህ ነው» አለኝ። ስምንተኛን ማን አየው? ከስድስተኛ ነው የወጣሁት! ግን ይሄን መንገድ በእግሬ ለክቼዋለሁ።

የማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ነው። ታላቅ እህቴ ጫልቱ ዱባይ ለሥራ ልትሄድ ቀድማ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ አድራለች። በረራዋ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። እናቴ ለመንገዷ ጭኮ ሠራችላት፤ የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ፣ ኮረሪማው ከሩቅ የሚጣራ። በነጠላ ቋጥራ «በእጇ ስጣት» አለችኝ።

«እኔ ሳልደርስ አውሮፕላኑ አይነሳም» አልኳት። ሰበታ ውስጥ በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ከውሻ በቀር።

ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ወጣሁ። ታክሲ የለም። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይጨሳል። የጤፍ አጨዳ ወቅት ስለነበር በማሳው አቋረጥኩ፤ ጤዛው እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ፉሪ ላይ ወጣቶች አስቁመው ቋጠሮዬን ሊፈቱ ሲሉ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ደረሱ።

«ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው?»

«እህቴን ልሸኝ ነው ኦቦ። ጭኮዋን ይዤ።»

«ተዉት! የመንገደኛ ስንቅ አይፈታም» ብለው ተቆጧቸው። ወዲያው ከታች ተኩስ ሲሰማ ግን እኔን ግቢያቸው አስገብተው በሩን ቆለፉ። «መሞት ካማረህ ከምሳ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ።

እዛው ግቢ ከላማቸው ጋር ተፋጥጬ ቆሜ ሳለሁ ጫልቱ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«ጎተራ! ውጪ ጠብቂኝ፣ እንዳትገቢ።»

እንዳታለቅስብኝ ብዬ ነው። ደግሞ አልደርስም ማለት አላውቅበትም።

ቀን ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ለቀቁኝ። ቦሌ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጫልቱ ዱባይ መሬት ረግጣለች። አክስቴ ብቻዋን በሩ ጋ ቆማለች።

«አንተን ስትጠብቅ አብረዋት የሚሄዱት ሁሉ ገቡ። በኋላ ዘበኛው ራሱ አዝኖላት "ኧረ በረራው ያመልጥሻል" ብሎ አስገባት። እየዞረች እያየች ነው የገባችው» አለችኝና ጥላኝ ሄደች።

አጥሩ ስር ተቀመጥኩና ቋጠሮውን ፈታሁ። አውሮፕላን በላዬ ያልፋል፣ እኔ የእህቴን ስንቅ እበላለሁ። አሸዋ አሸዋ አለኝ። ጨረስኩት ግን፤ ቤት ይዤው እንዴት ልመለስ?

ለእናቴ «ሰጠኋት፣ አቅፋኝ አለቀሰች» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጫልቱ እናቴ ስልክ ላይ ደወለች፤ ስፒከሩ ተከፍቷል።

«ጭኮው በቃሽ የኔ ልጅ?» አለች እናቴ። ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

«በቃኝ እማዬ። አብረውኝ ለመጡት ሴቶችም አካፈልኳቸው።»

«ወንድሜን አገናኚኝ» ግን አላለችም። እስካሁንም አላለችም። ስትደውል እናቴ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል።

አሁንም ውሸቱን ነው ትላላችሁ? ሂዱ ፉሪ፣ ኦቦ ደበላን ጠይቋቸው! አክስቴን ጠይቁ፣ የዛን ቀን ቦሌ በር ላይ ሰው ሲሸኝ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ! እናቴን ብቻ እንዳትጠይቁብኝ።