የግብፃዊው ደጅና የተሸከምኩት ድንጋይ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። የከተማችን ባቡር እስከ ሊንውድ መሄድ ከመጀመሩ በፊት ይሁን ከጀመረ በኋላ፣ ልጄን ብጠይቃት «አባዬ፣ እኔ እንዴት ልወቅልህ?» አለችኝ። ብቻ የዓይኔ ሞራ ገና ሳይገፈፍልኝ ነበር። ይህን የማውቀው ያን ጊዜ መንገድ ለመሻገር የሰው ክንድ እፈልግ ስለነበር ነው።

ክንዱን የሚሰጠኝ ሰው ግብፃዊ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሽማግሌዎች በምንኖርበት ሕንፃ የእኔና የእሱ በር ፊት ለፊት ይተያያል። እኔ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ እሱ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ጠዋት ጠዋት በከዘራው ጫፍ በሬን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋል። እወጣለሁ፤ ክርኔን ይይዝና ባቡሩ በመሃሉ የሚያልፍበትን ሰፊውን መንገድ ያሻግረኛል። ማዶ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጠን የሚወጣ የሚወርደውን እናያለን። እሱ ያያል፣ እኔ ያየውን እሰማለሁ ብል ይሻላል። «አሁን አንዲት ወፍራም ሴት ቀጭን ውሻ ይዛ ወረደች» ይለኛል፤ እኔም ውሻውን አዝንለታለሁ።

የምናወራው በዐረብኛ ነው። እኔ ትምህርት ብዙም የለኝም፤ ልጅ ሳለሁ ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ዐረብኛውን የለቃቀምኩት በስደት ካርቱም ሳለሁ፣ ዳቦ ቤት የዱቄት ጆንያ ስሸከም ነው። እሱም «ያንተ ዐረብኛ ዱቄት ዱቄት ይላል» እያለ ይቀልድብኛል። ቤቴ መጥቶ ውሃ ስቀዳለት ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያይና፣

«ግድቡን ትንሽ ከፈት አድርገው እንጂ!» ይላል።

«ድርሻህ ይኸው ነው። ቅር ካለህ ለተባበሩት መንግሥታት አመልክት» እለዋለሁ።

ሚስቱ በእንዲህ ያለው ጨዋታችን ውስጥ አትገባም። ዝምተኛ ሴት ናት። ከላይኛው ግብፅ፣ እነሱ ሰዒድ ከሚሉት አገር ነው የመጣችው፤ እሱም የዚያው አገር ሰው ነው። ያን ጊዜ ከሰላምታ ሌላ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ ቴሌቪዥኑ ፒራሚድ ያሳያል። ሶማሌዎቹ አሉ፣ ቬትናሞቹ አሉ፣ ከእኛም ሰዎች ሁለት ሦስት እንሆናለን። ግብፃዊው ከዘራውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረና ወደ እኔ ዞሮ፣

«እየው! አንተ ዘንድ ሰው ዛፍ ላይ ሲያድር የእኔ አያቶች ይህን ሠርተው ጨርሰዋል!» አለ።

ሰው ሁሉ የእኔን መልስ ይጠብቃል፤ ልማዳችንን ያውቃላ። እኔም አፌ አላረፈም፤

«ያንተ አያቶች? ያን የሠሩት ባሮች ናቸው! የእስራኤልን ልጆች በጅራፍ እየገረፋችሁ ያስገነባችሁት አይደለም እንዴ? ወይስ አንተ ከተገራፊዎቹ ወገን ነህ?»

ዐረብኛ የሚሰሙት ሶማሌዎች አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። አንዲቱ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ግብፃዊው ግን አልሳቀም። ሲኒውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ከዘራውን አነሣ፣ ወጣ። እኔ ወደ መጸዳጃ የሄደ መስሎኝ መቀመጫውን ጠበቅሁለት።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አጥልቄ ተቀመጥሁ። ኳ ኳ የሚል የለም። አሞት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ሰላም ዐለይኩም» ይለኛል፤ ያም ሃይማኖቱ ስለሚያስገድደው ነው፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ብቻዬን ልሻገር ወጣሁ። የባቡሩ ደወል ጮኸ፤ ከቀኝ ይምጣ ከግራ መለየት አቃተኝና እንደ ተተከለ እንጨት ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባቡሩ አልፎ፣ መብራቱም ለእግረኛ በርቶ ጠፍቶ፣ እኔ እዚያው ነኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በመስኮት በኩል ያን አግዳሚ ወንበር እንደ ጉም እያየሁ ነው የምውለው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ወዳጅ ከየት አመጣለሁ? ይህ ሰው ከቀረብኝ ቀሪው ዘመኔ በዚያ መስኮት ሊያልቅ ነው።

ልጄ ሾርላይን ነው የምትኖረው፤ ሥራዋ ፋታ አይሰጣትም። በስልክ ነገሩን ብነግራት፣

«ሶ ምን ችግር አለው አባዬ? ሶሪ ብለህ ቴክስት አድርግለት፣ አለቀ» አለችኝ።

«ይቅርታ በስልክ ይላካል እንዴ?»

«ሁሉም ነገር በስልክ ይላካል።»

እኔ ባደግሁበት አገር ይቅርታ በእግሩ ነው የሚሄደው። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ቀና አይልም። ልጅ ሳለሁ ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ስለዚህ ከእድራችን ሁለት ሰው ለመንኩ። አንደኛው እኩያዬ ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ጎጃሜ ነው። ሁለተኛው ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ጎልማሳ ነው፤ እሱን የመረጥሁት መኪና ስላለው ጭምር ነው፣ አልዋሽም። ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

ድንጋዩን ያገኘነው ከሕንፃው በር አጠገብ፣ አበባው ዙሪያ ከተደረደሩት ነው። ጎልማሳው ዙሪያውን እያየ፣

«አባባ፣ ይሄ የሕንፃው ፕሮፐርቲ ነው። ካሜራ አለ። ስንጨርስ እንመልሰዋለን፣ ኦኬ?» አለ።

«ከታረቅን እንመልሰዋለን።»

«ካልታረቃችሁስ?»

«ካልታረቁማ ከአንገቱ አይወርድ! ምኑን ትመልሰዋለህ?» ሲል ጎጃሜው ስለ እኔ መለሰለት።

ሊፍት ውስጥ አንዲት ቬትናማዊት ጎረቤታችን ነበረች። ሁለቱን ነጭ ለባሾች አየች፣ እኔንና ድንጋዬን አየች፤ ምንም ሳትል የእኛን ፎቅ ቁልፍ ተጫነችልን።

ግብፃዊው በሩን ሲከፍት እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ ነው። ጎጃሜው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሽበት። እንዴት ያለ አነጋገር መሰላችሁ! ድንጋይ ያራራል። ሁሉም በአማርኛ ነው እንጂ። ሽማግሌዎቼ ዐረብኛ እንደማያውቁ፣ ግብፃዊውም አማርኛ እንደማያውቅ እዚያ እስክንቆም ድረስ አንዳችንም አላሰብነው። እኔ እንዳላስተረጉም ደግሞ ጎጃሜው አስቀድሞ «በደለኛ በሽማግሌ ፊት አፍ የለውም» ብሎኛል።

ግብፃዊው ጎጃሜውን አላየውም። የሚያየው ማጅራቴን ነው።

«ድንጋይ?» አለ። «በሰው ፊት ያልከኝ አልበቃህም? አሁን ደግሞ ደጄ ድረስ መጥተህ የባሪያ ጨዋታ ታሳየኛለህ?»

በሩ ተዘጋ።

ወይ ጉዴ! ለካ በእሱ ዓይን የተሸከምኩት ድንጋይ የፒራሚድ ድንጋይ ነው። እኔ ልማለደው መጥቻለሁ፣ እሱ ደግሞ ሲያሾፍብኝ ነው ብሏል።

«ምን አለ?» አለኝ ጎጃሜው።

«አልገባውም።»

«ታዲያ አስረዳዋ!»

«በደለኛ አፍ የለውም ብለኸኝ የለ?»

«እሱማ ቋንቋ ሲኖር ነው!»

ጎልማሳው «አባባ፣ ይነሡ፤ ጉልበትዎ ይታመማል» ብሎ ብብቴን ያዘ። እኔ ግን አልተነሣሁም። እልህ አልነበረም፤ ብነሣ ወዴት እንደምሄድ ስላላወቅሁ ነው። ከውስጥ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ይሰማል። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ዝግ ብላ አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ እሷ ናት። እጇ ሊጥ ነክቶታል። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣

«ወንድሜ፣ ይህ ድንጋይ በአገርህ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ጠያቂ ካለ በደለኛም ይመልሳል። «አንገቴ በእጅህ ነው ማለት ነው» አልኳት። «በድዬሃለሁ፤ ብትፈልግ በዚሁ በለኝ፣ ብትፈልግ አውርድልኝ ማለት ነው።»

በሊጣም እጇ አፏን ያዘች። ወደ ውስጥ ዞራ ያ ዝምተኛ ድምጿ ኮሪደሩን እስኪሞላው ተጣራች፤

«አንተ ሰው! ና ውጣ! ይህ ሰው ከፈኑን ይዞ ነው የመጣው!»

በኋላ እንደተረዳሁት በእነሱም አገር፣ በሰዒድ፣ ደም ያለበት ሰው መታረቅ ሲፈልግ የራሱን ከፈን፣ የመገነዣ ጨርቁን፣ በእጆቹ ታቅፎ በሰው መሃል አልፎ ከባለደሙ ፊት ይቆማል። እሷ በልጅነቷ የአጎቷ ልጅ እንዲያ ሲሄድ አይታለች። ነጭ ጨርቅና ድንጋይ ምን አገናኘው? ተሸካሚው ግን አንድ ነው፤ ተሸካሚውን አይታ ነው ያወቀችው።

ግብፃዊው በነጠላ ጫማው መጣ። ከዚያ ወገቡ ቋ እስኪል አጎነበሰና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቴ አነሣው። መዘነው።

«ይህችን ጠጠር ነው?» አለ። «በዚህች ፒራሚድ አይሠራም።»

ጎጃሜው ምን እንደተባለ ሳያውቅ «እግዚአብሔር ይስጥልን!» ብሎ አለቀሰ።

ገባን። ሻይ መጣ፣ ትኩስ ዳቦ መጣ። ለምን እንደተቀየመኝም ያኔ ነገረኝ። አባቱና አያቱ ቆፋሪዎች ነበሩ፤ ጥንታዊ ነገር ለሚያስቆፍሩ ምሁራን አፈር የሚያወጡ። በመንደራቸው ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። በፒራሚዱ አቅራቢያ ፒራሚዱን የሠሩት ሰዎች መቃብር መገኘቱን አባቱ በመጨረሻ ዕድሜው ሰምቶ ልጆቹን ሰብስቦ ነግሯቸዋል።

«የአንዳንዱ ክንድ አጥንት ተሰብሮ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ ገጥሟል። ባሪያ ክንዱ ቢሰበር ማን ወጌሻ ይጠራለታል? አባቴ ይህን ሲነግረን አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ 'የባሪያ ሥራ ሠራተኛ' ሲሉት ኖረዋል። አንተም በሰው ፊት ያችኑ ቃል አመጣህብኝ።»

«እኔ ኦሪትን ሰምቼ ነው» አልኩት።

«ኦሪታችሁ ስለ ጡብ ነው የሚያወራው። ፒራሚዱ ድንጋይ ነው!»

አሰብኩት። እውነቱን ነው፤ ኦሪት ጭቃና ጡብ ይላል እንጂ ፒራሚድ የሚል ትዝ አይለኝም።

ከዚያማ አባቱ የነገረውን ሁሉ ዘረገፈው። ሠራተኞቹ በቡድን በቡድን ይከፈሉ ነበር፤ ቡድኑ እንደገና በትንንሹ ይከፈላል። አንዱ ተራውን ሠርቶ ወደ እርሻው ሲመለስ ሌላው ይተካል። ዳቦና ጠላ ይቆረጥላቸዋል። ቡድኑ ለራሱ ስም ያወጣል፤ ስሙንም ማንም በማያየው የድንጋይ ፊት ላይ በቀይ ቀለም ይጽፈዋል። የንጉሡ ወዳጆች የሚባሉ ነበሩ። የንጉሡ ሰካራሞች የሚባሉም ነበሩ።

«ሰካራሞች? ራሳቸውን?»

«ራሳቸውን!»

ደስ አለኝ። ዳቦና ጠላ ሲል ደቦ ነው ትዝ ያለኝ፤ በደቦም አንዱ ረድፍ ሌላውን «እናንተ ሰነፎች» እያለ ነው የሚያጭደው። ግን አባቴም ትዝ አለኝ። በባላባቱ ሁዳድ ላይ በገዛ በሬዎቹ ያርስ ነበር፤ የእኛ ማሳ እየጠበቀ። ባላባቱም ጠላ ይሰጥ ነበር።

ደቦንም ሁዳድንም ለግብፃዊው አስረዳሁትና፣ «እንቢ ማለትስ ይችሉ ነበር?» አልኩት።

ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «ንጉሥ ሲጠራ ማን እንቢ ይላል?»

«እንግዲያው ሁዳድ ነው። ደቦ ቢሆን ንጉሡም በተራው መጥቶ ያጭድላቸው ነበር።»

እንደገና ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን፣ «ይሆናል። የጠራቸው ንጉሡ ነው። ስሙን ግን እሱ አላወጣላቸውም» አለ።

ይኼኔ ሚስቱ ሻይ እየቀዳች፣ «ያን ሁሉ ዳቦ ማን ጋገረው? እሱን አንዳችሁም አትጠይቁም» አለች። ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ለጎጃሜው ስተረጉምለት እሱም ደፋ።

ድንጋዩን ከመመለሳችን በፊት ግብፃዊው የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣና ከሥሩ በዐረብኛ ጻፈበት፤ እኔም ዓይኔ እንደፈቀደልኝ በፊደል ጻፍኩበት፤ «የአግዳሚው ወንበር ሰነፎች»። ጎልማሳው ወስዶ ጽሑፉን ወደ አፈሩ አድርጎ ከቦታው አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያ ነው፤ የሕንፃው ኃላፊ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ኳ ኳ አለ። አሁን የዓይኔ ሞራ ተገፍፎልኛል፣ ባቡሩንም ከየት እንደሚመጣ አያለሁ፤ እሱ ግን ክርኔን መያዝ አልተወም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ ደጅ ማን አነሣህ ብትሉኝ፣ ሽማግሌዎቼን አመሰግናለሁ፣ ድንጋዩን ያወረደልኝንም አመሰግናለሁ። ያነሣችኝ ግን ሊጥ በእጇ ይዛ ወጥታ ምን ማለት ነው ብላ የጠየቀችኝ የጎረቤቴ ሚስት ናት።